ስልክ የማትወድ ቀይ መኪና

በድሬዳዋ አንድ ባለጠጋ ነበረ። ይህ ሰው ከሱቁም፣ ከመጋዘኑም፣ ከቤቱም አብልጦ የሚወዳት አንዲት ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና ነበረችው።

ሉሊት፣ ትናንት በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ውስጥ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «አባቴ ጋ ሽማግሌ ላክሁ፣ መለሳቸው። ደግሜ ላክሁ፣ በር እንኳ አልከፈተላቸውም። የሰው ልብ ካረጀ በኋላ ይመለሳል ወይ? የማይመለስ ከሆነ ቁርጡን ልወቅና ልጄን ያለ አያት ላሳድግ» አልሽኝ። ቀጥለሽ ደግሞ «አንቺማ እትዬ ስንዱ፣ በምን ታውቂዋለሽ» አልሽና ተነሥተሽ ሄድሽ። መልስ አልሰጠሁሽም። ታውቂኛለሽ፣ ተማሪ ፊት ካልቆምሁ በስተቀር ድምፄ አይወጣም። ዛሬ ግን ቁጭ በይ፤ ስለዚያ ሰውና ስለ መኪናው ልንገርሽ። እስክጨርስ ድረስ ፊቴን አትዪ፤ መስኮቱን እዪ።

ሰውዬው መኪናዋን ያገኛት በወጣትነቱ ነው። ያን ጊዜ በአንድ የግሪክ ነጋዴ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ግሪኩ አገር ለቆ ሲሄድ መኪናዋን ለእሱ ተወለት። ቁልፉን ሲሰጠው ኮፈኗን ከፈተና ወደ ውስጥ እያመለከተ «እንዳለች ተዋት። እንደተሠራች ከተዉአት ትሠራለች» አለው። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም። ሰውዬው ይህን ቃል እንደ ኑዛዜ ያዘው። ዘይትና ጎማ ከመለወጥ በቀር በመኪናዋ ላይ ማንም እጁን እንዲያገባ አይፈቅድም ነበር። ራሱ ያጥባታል፣ ራሱ ይወለውላታል። እሑድ እሑድ የሸራ ጣሪያዋን አጥፎ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ጠጠራቸውን ትተው ቀና ይሉ ነበር።

መኪናውን እንዲህ የሚይዝ ሰው ሌላውንም ነገር እንዲሁ ይይዛል። ቃል ከሰጠ ሰጠ ነው፤ የሚያስቀይረው የለም።

ይህ ሰው ሴት ልጅ ነበረችው። ለአንድ የቅርብ ወዳጁ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቶ ነበር። ልጅቱ በሰው ፊት አንገቷን ቀና አድርጋ የማታወራ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትገባ ዓይናፋር ነበረች። ለጋብቻው ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ግን፣ እነሱ በተቀመጡበት፣ ቀና አለችና «አላገባም። ኤሌክትሪክ ነው የምማረው» አለች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሄደች።

ባለጠጋው በወዳጁ ፊት ቃለ አባይ ሆነ። ቤቱ ሲገባ «የዚህች ልጅ ስም በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳይነሳ» አለ። አልተነሳም። እናትየዋ ለልጇ ስትደውል እንኳ፣ ባሏ አጠገቧ ካለ፣ ጎረቤት የምታነጋግር መስላ «እንደምን ነሽ እህት ዓለም፣ ልጆች ደህና?» ትል ነበር። ልጅቱ ልጆች አልነበሯትም። ግን «ደህና ናቸው» ትላለች። እናትና ልጅ በዚህ ዓይነት ዓመታት ኖሩ።

ከዚያ በኋላ የባለጠጋው ወንድ ልጅ ሊያገባ ሆነ። አባቱን «ሙሽራዬን በቀይዋ መኪና ላምጣት» ብሎ ለመነ። አባትየው ደስ አለው፤ ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። ሙሽራው ግን ሌላ ነገር አከለ። ሲያመጣት ዘፈን እንዲኖር፣ ዘፈኑም ከስልኩ እንዲመጣ፣ ስክሪን ያለው ቴፕ ይገጠምላት አለ። መንገዱንም ያሳያል፣ ስልክ ሲደወልም መሪ ሳይለቀቅ ይነጋገሩበታል አለ።

አባትየው ብዙ ቀን መኪናዋን እየዞረ አያት። ሲቆይ «ዳሽቦርዷ እንዳይቆረጥ። የድሮ ሬዲዮዋ በነበረበት ቀዳዳ የሚገባ ከሆነ ይግባ» አለ። ቃል ሰጠ ማለት ነው።

ከዱባይ የመጣ ቴፕ ተገዛ። ስክሪኑ ሲፈለግ ከሆዱ ተስቦ ይወጣል፤ ሳይፈለግ ተመልሶ ይገባል። አንድ ኤሌክትሪሺያን ተጠራ። ሁሉም መኪና ላይ እንደሚያደርገው ቀዩን ሽቦ ኮረንቲ ከሚመጣበት፣ ጥቁሩን ሽቦ ደግሞ ከመኪናዋ ቦዲ ጋር አሰረ። ቁልፉ ሲዞር ከቴፑ ቀጭን ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። በዚያው አለቀ።

«ቴፑ ነው፤ ፎርጅድ ሸጠውላችኋል» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

ሌላ ቴፕ ተገዛ፤ ሌላ ኤሌክትሪሺያንም መጣ። እሱም እንደ ፊተኛው አሰረ፤ እንደ ፊተኛውም አጨሰ። ሰውዬው ጣቱን እያራገፈ ከመኪናዋ ውስጥ ዘሎ ወጣ።

«አቦ አባባ፣ ወላሂ ይቺ መኪና ስልክ አትወድም!»

«እኔም አልወድም» አለ ባለጠጋው። «ግን መቼ ሰው አቃጠልሁ?»

ሦስተኛው ኤሌክትሪሺያን ከሁለቱ ይልቅ አስተዋይ ነበር። ሽቦ ከመንካቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን ልብ ብሎ አየ። እኛ አገር የምናውቃቸው መኪኖች ሁሉ፣ ከቦዲያቸው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው። የዚህች ግን ፖዘቲቩ ነበር የታሰረው። «አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ። «ባትሪውን ገልብጠው አስረውት ኖሯል እኮ!» የአንድ ሰነፍ ጋራዥ ሥራ መሰለው። ባትሪውን አዞረና እንደ ሌሎቹ መኪኖች አሰረው። ሌላ ቴፕ ገጠመ። አሁን አላጨሰም። ስክሪኑ ተስቦ ወጥቶ በራ፤ የሙሽራው ስልክ ተገናኘ፤ ዘፈን ግቢውን ሞላው። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ አጨበጨበ። ባለጠጋውም፣ ማንም ያላየው መስሎት፣ በጣቱ መሪዋን መታ መታ አደረገ።

በማግሥቱ ለሙከራ ይዟት ወጣ። ዘፈኑን እያሰማ፣ ዳሽቦርዷ ላይ የበራችውን ቀይ መብራት ልብ ሳይል፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ሲደርስ ድምፁ ቀጠነ፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ ሞተሯ እንደ ማሳል ብሎ ቆመ። ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኮረንቲ የሚሠራው ዲናሞ ባትሪውን ቻርጅ እያደረገው አልነበረም። መኪናዋ ከቤት የወጣችው ባትሪው ውስጥ በነበረው ብቻ ነበር፤ እሱን በልታ ጨረሰች።

ባጃጆቹ ክላክስ እየነፉ ከበቡት። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ሙሽሪት በእግሯ ትምጣ እንዴ?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። ያን ሁሉ ዓመት በኩራት ባለፈበት አደባባይ፣ የማያውቃቸው ሰዎች መኪናዋን ከኋላ እየገፉ፣ እሱ ፊቱን ወደ አንድም ሰው ሳያዞር መሪዋን እንደያዘ ቤቱ ገባ።

«ባትሪውን እንደ ቀድሞው መልሱ። ያንንም ነገር አውጡልኝ» አለ። ቴፑ ወጣ፣ ባትሪው ተሞልቶ እንደ ቀድሞው ታሰረ፤ መኪናዋም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣች። «እንዳለች ተዋት ተብዬ ነበር» አለ ባለጠጋው ለራሱ።

ግን ቃል ሰጥቷል። ሠርጉ ደርሷል። በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ አባይ ሊሆን ነው፤ ያውም ለልጁ፣ ያውም በሠርጉ ቀን። ይህ ነገር ከመኪናዋ ይልቅ አስጨነቀው። የቀረበለትን እህል እየነካካ ይመልስ ጀመር። ሙሽራውም «አባባ ግድ የለም፣ ይቅር» ቢለው፣ ይቅር በመባሉ ይበልጥ ከፋው።

በዚህ ጊዜ ሙሽራው ለእህቱ ደወለ። እሷ ያን ጊዜ ሐረር ታስተምር ነበር። የደረሰውን ሁሉ ሲተርክላት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ስለ ሠርጉ አልጠየቀችም፤ መጠራት አለመጠራቷንም አላነሣችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ባትሪው በየትኛው በኩል ነው ከቦዲው ጋር የታሰረው? አሁን ሳይሆን፣ ከጥንት ጀምሮ?»

«ፖዘቲቩ ነው አሉ። ገልብጠውት።»

«ፎቶ አንሣና ላክልኝ።»

ፎቶው ሲደርሳት ለረጅም ጊዜ አየችው። ሽቦው ያረጀ፣ መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የታሰረ እንጂ ከሰሞኑ ሥራ በቀር ማንም የነካው አይመስልም። ዲናሞውንም አየችው። ያን ጊዜ ልቧ ደነገጠ። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያች መኪና አጠገብ አድጋለች፤ ስትታጠብ ውሃ አቀብላለች፤ ግን ምን እንደሆነች እስከዚያን ቀን አላወቀችም ነበር። ሉሊት፣ በድሮ ዘመን እንዲህ ሆነው የተሠሩ መኪኖች ነበሩ። ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር የሚታሰር፣ ዲናሞውም መብራቱም ለዚያ የተስማማ። መኪናዋን ማንም አልገለበጣትም። ከጥፍሯ እስከ ጣሪያዋ በዚያ ሥርዓት የተሠራች፣ በራሷ ሥርዓት ፍጹም ጤነኛ ነበረች። አዲስ ነገር ይዞ የመጣ ሁሉ ግን እሷን ሳይጠይቅ፣ ሌላው መኪና እንደታሰረ ታስራለች ብሎ ያመነ ነበር። ያመጡት ነገር ሲቃጠል ደግሞ አቃጣይዋ እሷ ሆነች።

«የተገለበጠች አይደለችም» አለችው ወንድሟን። «ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲህ ነበረች።»

«እና ቴፕ አይገባላትም ማለት ነው?»

«ይገባላታል። ባትሪው ሲዞር ዲናሞውም አብሮ መዞር ነበረበት። እሱን የጠየቀው የለም።»

«ዲናሞ እንዴት ነው የሚጠየቀው?»

«መጥቼ ካላሳየሁህ አይገባህም።»

ከዚያ ሙሽራው ቀስ ብሎ «ትመጫለሽ?» አለ።

«ካላባረረኝ» አለች።

በማግሥቱ በሚኒባስ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ወረደች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ባለጠጋው ከመኪናዋ አጠገብ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ መኪናዋ መለሰ። ውጪ አላላትም። ግቢም አላላትም። ወደ ሙሽራው ዞረና «ሰው መጥቷል። ለምን እንደመጣ ጠይቀው» አለ።

እንግዲህ አስቢው። ሦስቱም ያሉት በአንዲት ትንሽ መኪና ዙሪያ ነው። እጃቸውን ቢዘረጉ ይነካካሉ።

«መኪናዋን ልታይ ነው የመጣችው በለው» አለች ልጅቱ መሬት መሬት እያየች።

«አባባ፣ መኪናዋን ልታ…»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ዲናሞው ተፈቶ ይወጣል ወይ በላት።»

«አይወጣም በለው። ከተቀመጠበት አይነቃነቅም።»

«አይወጣም ትልሃለች።»

«ጠይቃት እስቲ» አለ ባለጠጋው፤ ድምፁም ከፍ አለ። «ይህ ዲናሞ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ በአንድ በኩል ሲዞር የኖረ ነው። ዛሬ በስተርጅና በሌላ በኩል ዙር ልትለው ነው? ይሄ ነው የተማረችው?»

ሙሽራው የቱን አስቀርቶ የቱን እንደሚያስተላልፍ ግራ ገብቶት ቆመ። ልጅቱ ግን አልጠበቀችውም። ቀና አለች። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ግቢ ቀና ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

«በሌላ በኩል አይዞርም በለው። እንደኖረ ነው የሚዞረው። አዟዟሩን ማንም አይነካበትም። የሚለወጠው የሚሰጠው ነገር ብቻ ነው በለው።»

ከዚያም ተማሪዎቿን እንደምታስረዳ አስረዳች። ዲናሞ ውስጥ ብረት አለ። ሞተሩ ቆሞ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ሁሉ ነገር ሙት በሆነ ጊዜ እንኳ በዚያ ብረት ውስጥ ትንሽ የማግኔት ኃይል ትቀራለች። በዓይን አትታይም፤ ትንሽ ምስማር የማንሳት አቅም እንኳ የላትም። ካለፈው ጊዜ የተረፈች ናት። ሞተሩ ሲነሣ ግን ሁሉ ነገር ከእሷ ይጀምራል። ከእሷ ጥቂት ኮረንቲ ይወለዳል፤ ያ ኮረንቲ ማግኔቱን ያበረታዋል፤ የበረታው ማግኔት ደግሞ ብዙ ኮረንቲ ይወልዳል። ያ ሁሉ የፊት መብራት፣ ያ ሁሉ ክላክስ፣ መነሻው ያቺ የተረፈች ናት። ኮረንቲው ወዴት እንደሚሄድ የምትወስነውም እሷ ናት። ብረቱ የመጨረሻውን ጊዜ ያስታውሳል፤ ባስታወሰው መንገድ ይሰጣል። ስለዚህ ብረቱን መስበር አያስፈልግም። ወደ ውስጥ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ ፈትቶ በባትሪው ጫፍ ላይ ነካ ማድረግ ነው። ብረቱ ትዝታውን ይለውጣል።

ባለጠጋው ሙሽራውን እያየ ሰማ። ስትጨርስ ጎንበስ ብሎ ዲናሞውን አየ።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚነካው በላት።»

«ዓይን እስኪርገበገብ። ሽቦውን ይዘው ከቆዩ ይቃጠላል በለው። ነክቶ እጅን ማንሣት ነው።»

«ባትሪውን አዙረው» አለ ባለጠጋው ልጁን። እጅጌውንም ሰበሰበ። «የምነካው እኔ ነኝ በላት። በዚህች መኪና ላይ ሌላ እጅ አይገባም።»

ሙሽራው ባትሪውን አዞረ። ልጅቱ ሽቦውን ፈትታ ጫፉን ለአባቷ አቀበለችው፤ የሚነካበትንም ቦታ በጣቷ አሳየችው። ሽቦውን አስጠጋ፣ ነካ፣ አነሣ።

ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ታየች። ድምፅ አልነበረም፣ ጭስ አልነበረም። ግቢው ውስጥ የተለወጠ ነገር አይታይም። ባለጠጋው ሽቦውን እንደያዘ ዲናሞውን እያየ፣ ሌላ ታላቅ ነገር የሚመጣ ይመስል ጠበቀ። የመጣ ነገር የለም። ቀና አለና፦

«ይኸው ነው?» አለ።

ሙሽራው ልማድ ሆኖበት ወደ እህቱ ዞረ። «ይኸው ነው ወይ ይ…»

አባትየው የጠየቀው እሱን አልነበረም። ዓይኑ ልጅቱ ላይ ነበር።

«ይኸው ነው፣ አባባ» አለች።

ሽቦው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ። ባትሪው ቻርጅ ሳይደረግ ሲቀር የምትበራ አንዲት ቀይ መብራት ዳሽቦርዷ ላይ አለች። ሦስቱም እሷ ላይ አፈጠጡ። ነዳጅ ሲሰጣት ደብዘዝ አለች፣ ከዚያም ጠፋች። ዲናሞው እንደኖረው በዚያው በኩል እየዞረ፣ ለአዲሱ አሳሰር ይሰጥ ጀመር።

የቀረው ቴፑ ነው። ሙሽራው አመጣው፣ ገጠሙት። ስክሪኑ ከሆዱ ተስቦ ወጣና በራ። የሚገናኘው ስልክ ሲፈለግ ግን የሙሽራው ስልክ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። «ለጊዜው በኔ እንሞክረው» አለች ልጅቱ። ስልኳን አወጣች፣ ነካካች። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ።

ባለጠጋው ዓይኑን አጠበበ። «ምን ይላል? መነጽሬን አልያዝሁም።»

«ተገናኝቷል ነው የሚለው» አለ ሙሽራው።

«ማን ጋ ነው የተገናኘው? ከበላዩም ጽሑፍ አለበት።»

ሙሽራው ወደ እናቱ ዞረ። እናትየዋ የኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አንብበው እንጂ! ፊደል አልቆጠርህም?»

«የስንዱ ስልክ ይላል፣ አባባ።»

አዎ፣ ሉሊት። አሁን መስኮቱን ተዪው።

ያ ስም ለዓመታት ያልተነሣበት ግቢ ነው። አባቴ እጁን ዘረጋና አቧራ የሌለበትን ስክሪን በመዳፉ አንድ ጊዜ ጠረገው። ከዚያ «ጽሑፉን እንዳትነኩት። እንዲሁ ይሁን» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ አሁንም ወደ ሙሽራው ዞሮ፣ «ይህ ስልክ ከሌለ በሠርጉ ቀን ዘፈን የለም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

ወንድሜ ዋሸ። የማንም ስልክ ይሠራ ነበር። «የለም፣ አባባ» አለው።

«እንግዲያ የስልኩ ባለቤትም ትኑራ» አለ አባቴ። ኩሽናው በር ላይ እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ቴፑ ስለሠራ መሰለው።

ሠርጉ ላይ ወንድሜና ሙሽሪት በቀይዋ መኪና፣ ስልኬን ይዘው፣ ስሜ ስክሪኑ ላይ በርቶ ዘፈን እየሰሙ፣ ከፊት ሄዱ። እኔና አባቴ ከኋላ ባለው መኪና ነበርን። መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም። ባቡር ጣቢያው አደባባይ ላይ ስንደርስ ብቻ፣ መኪናዋ ሳትቆም ስታልፍ አይቶ፣ «ትንሽ ናት እንጂ ብልጭታዋ» አለኝ።

እናንተ መምህራን ክፍል ውስጥ «የአባቷ ቅምጥል» የምትሉኝ በእሱ ነው፤ እረፍት በተደወለ ቁጥር «በልተሻል ወይ» እያለ የሚደውለው፣ ማንጎ በጆንያ ይዞልን የሚመጣው ሽማግሌ ያ ሰው ነው። መኪናዋን ያላያችኋት ደንገጎን በእሷ ስለማይወጣ ነው። አንቺ ወደዚህ ትምህርት ቤት ስትመጪ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት ስሜ በቤቴ የማይጠራ ሰው እንደነበርሁ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ማፈር ነው፣ ሌላ አይደለም። ቅምጥል ስትሉኝ አንገቴን የምደፋው የተመቸኝ መስሏችሁ ይሆናል። ማግኔት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ በየዓመቱ ድምፄ እንደሚሰበር ግን ተማሪዎቼ ያውቃሉ፤ ያመመኝ ይመስላቸዋል። አላመመኝም። ያን የሚያህል መኪና፣ ያን የሚያህል ሰው፣ በዓይን በማትታይ በአንዲት በተረፈች ነገር ሲያዝ ማየት እስካሁን ስለሚገርመኝ ነው።

እንግዲህ የጠየቅሽኝ። አባትሽ ያቺ መኪና ነው። የተገለበጠ ሰው አይደለም፤ አንቺና እኔ በታሰርንበት በኩል ሳይሆን በሌላው ጫፍ የታሰረ ነው። የላክሻቸው ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ግን ሁሉንም አባት እንደሚያስሩት ሊያስሩት ሄዱ፣ ተቃጥለውም ተመለሱ። በሰው ብዛት አፍረው «እሺ» ቢያሰኙት እንኳ ባትሪውን ብቻ ማዞር ነበር፤ ለአንድ ቀን ዘፍኖ ሰው መሐል ይቆምብሽ ነበር። አንቺን ሲያሳድግ በውስጡ የተረፈች ነገር አለች። በሩን ሲዘጋ ሙት ይመስላል፤ ዲናሞም ሲቆም ሙት ይመስላል። ወደዚያች የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ ከአንቺ በቀር ማን ያውቃታል?

ሌላ ሰው እንዲሆንልሽ አትጠብቂ። የእኔ ዛሬም ይቆጣል፤ ዛሬም ቃሉን የሚያስቀይረው የለም፤ ልብሴ አጠረ ብሎ በስልክ ይቆጣኛል፣ ሳያየው። እንደኖረ ነው የሚዞረው። የሚሰጠው ነው የተለወጠው። ደግሞም ሁሉም ዲናሞ በመጀመሪያው ንክኪ ይመለሳል ብዬ አልዋሽሽም፤ ደግሞ መንካት የሚያስፈልገው አለ።

ብቻ ሽማግሌ አትላኪ። ብቻሽን ሂጂ፣ ልጅሽን ታቅፈሽ። ደጃፉ ላይ አታልቅሺ፣ ብዙ አታውሪ፣ ማን እንደበደለ አታንሺ፤ ይዘሽ ከቆየሽ ይቃጠላል። በሩን ሲከፍት ልጅሽን በስሙ ጠርተሽ «አያትህ ነው» በይው፣ ሕፃኑን ለአፍታ እጁ ላይ አድርጊለት።

ከዚያ እጅሽን አንሺ።